የደበዘዘው አምፑልና ያልታወቀው ተቃውሞ

ከጣና ሐይቅ የሚነሣው ጥቁር ዓባይ የኢትዮጵያን ደጋና ቆላ አቋርጦ ሱዳን ከገባ በኋላ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በዚህ የወንዞች መገናኛ ሥፍራ ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት እየተያዩ ተቆርቁረዋል፤ እነርሱም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ ናቸው። ባሕሪ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን የምትገኝ ስትሆን፣ ፋብሪካዎች፣ የውኃ ማጣሪያና የሙቀት ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የተተከሉባት የሥራ ከተማ ሆና ኖራለች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ሲነሣ ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው ሥፍራዎች አንዷ ባሕሪ ነበረች። የውኃ ማጣሪያው ጣቢያ ጦርነቱ በተጀመረበት ሰሞን ሥራውን አቆመ፤ የኤሌክትሪክ መስመሮችም ተበጣጠሱ። በጦርነቱ ዘመን በካርቱምና በአካባቢዋ ከትራንስፎርመሮችና ከመሬት ውስጥ ከተቀበሩ ገመዶች መዳብ እየተነቀለ ተዘረፈ። ከቤቱ ሳይሰደድ የቀረው ሕዝብ ስልኩን ለመሙላትና ማታ ብርሃን ለማግኘት በፀሐይ ኃይል በሚሞሉ ባትሪዎች መጠቀም ግድ ሆነበት። ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ያስቡበት የነበረው የሽቦ፣ የባትሪና የአምፑል ነገር የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

አንድ ባትሪ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ዘወትር የሚነሣ ችግር አለ። አምፑሉ ትናንት ደህና ያበራ ነበር፤ ዛሬ ግን ደብዝዟል። አምፑሉ ቢለወጥም አይሻሻልም። እንግዲህ ችግሩ ያለው በባትሪው ነው? በሽቦው ነው? ወይስ ከመስመሩ ላይ ያልታወቀ ሌላ ዕቃ ተቀጥሏል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግምት ሳይሆን ስሌት ነው። ስሌቱም ጥቂት ሕጎችን በትክክለኛ ቅደም ተከተል ከመጠቀም በቀር ሌላ ጥበብ አይጠይቅም።

ሦስቱ መጠኖች

በአንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ውስጥ ሦስት መጠኖች ይለካሉ። የመጀመሪያው ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ሲሆን ቮልቴጅ ይባላል፤ መለኪያውም ቮልት ነው። ሁለተኛው በሽቦው ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ይህም ጅረት ይባላል፤ መለኪያው አምፔር ነው። ሦስተኛው ሽቦውም ሆነ አምፑሉ ለጅረቱ መተላለፍ የሚያሳየው እንቅፋት ነው፤ ይህም ተቃውሞ ይባላል፤ መለኪያው ኦም ነው።

ኦም የሚለው ስም የተወሰደው ከጀርመናዊው መምህር ከጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 ተወለደ። በኮሎኝ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ ምርምሩን ያካሄድ ነበር፤ የደረሰበትንም ሕግ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገለጸ። መጽሐፉ በመጀመሪያ በአገሩ ብዙ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1841 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳልያ ሸለመው።

የኦም ሕግ በአጭሩ ሲነገር፣ ቮልቴጅ ከጅረትና ከተቃውሞ ብዜት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከሦስቱ መጠኖች ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ይገኛል። ቮልቴጁ ለተቃውሞው ሲካፈል ጅረቱን፣ ለጅረቱ ሲካፈል ደግሞ ተቃውሞውን ይሰጣል።

ተከታታይና ትይዩ

የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንዱ ከሌላው በኋላ በአንድ መስመር ላይ ሲቀጠል የተከታታይ ግንኙነት ይባላል። ሁለቱም ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በየራሳቸው መንገድ ሄደው እንደገና በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ደግሞ የትይዩ ግንኙነት ይባላል።

የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ከብት የሚወጣበትን በረት ማሰብ ይጠቅማል። ከብቶቹ አንድ ጠባብ በር ካለፉ በኋላ ሌላ ጠባብ በር ቢጠብቃቸው መውጫው ይብስ ይከብዳል። ይህ የተከታታይ ግንኙነትን ይመስላል። ስለዚህ በተከታታይ የተገናኙ ተቃውሞዎች ይደመራሉ። በአንጻሩ በረቱ ጎን ለጎን ሁለት በሮች ቢኖሩት ሁለተኛው በር ጠባብም ቢሆን መውጫውን ያቀላል። ይህ የትይዩ ግንኙነትን ይመስላል። በዚህም ምክንያት በትይዩ የተገናኙ ዕቃዎች ጠቅላላ ተቃውሞ ምን ጊዜም ከሁሉ ከሚያንሰው ተቃውሞ እንኳ ያነሰ ነው። ሁለት ተቃውሞዎች በትይዩ ሲገናኙ ጠቅላላው የሚገኘው የሁለቱን ብዜት ለሁለቱ ድምር በማካፈል ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ሕጎች አብረው መታወስ አለባቸው። ሕጎቹን እ.ኤ.አ. በ1845 የደነገጋቸው ጉስታቭ ኪርኾፍ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ነበር። አንደኛው ሕግ ወደ አንድ መገናኛ ነጥብ የሚገባው ጅረት ከነጥቡ ከሚወጣው ጅረት ጋር እኩል ነው ይላል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ባትሪው የሚሰጠው ቮልቴጅ በዑደቱ መንገድ ላይ በሚገኙት ዕቃዎች ላይ ተከፋፍሎ ያልቃል፤ ከዚያ አይተርፍም፣ አይጎድልምም ይላል። እነዚህ ሁለት ሕጎች ከጥሩ ሒሳብ ያዥ ደብተር ጋር ይመሳሰላሉ፤ የገባውና የወጣው እኩል ካልሆነ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ሁሉም ሲታወቅ

ለምሳሌ ያህል በባሕሪ የሚገኝ አንድ ግቢ ይታሰብ። በግቢው አንድ ጥግ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀምጧል። ቤቱ ከባትሪው 21 ሜትር ይርቃል። ጅረቱ ሄዶ መመለስ ስላለበት የሽቦው ጠቅላላ ርዝመት 42 ሜትር ነው። ሽቦው ከመዳብ የተሠራ ሲሆን የውፍረቱ ስፋት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ ወደ 0.0175 ኦም የሚደርስ ተቃውሞ አለው። ስለዚህ 0.0175 × 42 ÷ 0.75 = 0.98 ይሆናል፤ ይኸውም በተጠጋጋ ቁጥር 1 ኦም ነው።

በቤቱ ውስጥ ሁለት የመኪና አምፑሎች በትይዩ ተገናኝተዋል። የትንሹ አምፑል ተቃውሞ 20 ኦም፣ የትልቁ 5 ኦም ነው። ሽቦው ከሁለቱም ጋር በተከታታይ ይገኛል፤ ለማናቸውም አምፑል የሚሄደው ጅረት በሽቦው ሳያልፍ አይደርስምና። እንግዲህ ይህ ዑደት ተከታታይም ትይዩም ያለበት ቅይጥ ዑደት ነው።

ብዙ ተማሪዎች በዚህ ላይ 12 ቮልትን በቀጥታ ለ20 ኦም በማካፈል የትንሹን አምፑል ጅረት ያገኙ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ምክንያቱም ከ12ቱ ቮልት የተወሰነው በሽቦው ላይ ስለሚቀር አምፑሉ ሙሉውን አያገኝም። ትክክለኛው መንገድ ከሩቁ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ባትሪው ማጠቃለል፣ ከዚያም ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ሩቁ ጫፍ መመለስ ነው።

በመጀመሪያ በትይዩ ያሉት አምፑሎች ይጠቃለላሉ፤ 20 × 5 ÷ 25 = 4 ኦም። ቀጥሎ የሽቦው ተቃውሞ ይደመራል፤ 4 + 1 = 5 ኦም። አሁን መላው ዑደት ባለ 5 ኦም አንድ ዕቃ ሆኗል። ስለሆነም ጠቅላላው ጅረት 12 ÷ 5 = 2.4 አምፔር ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዞው ወደ ኋላ ይሆናል። በሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ 2.4 × 1 = 2.4 ቮልት ነው። ለአምፑሎቹ የሚደርሰው 12 – 2.4 = 9.6 ቮልት ነው። የትንሹ አምፑል ጅረት 9.6 ÷ 20 = 0.48 አምፔር፣ የትልቁ 9.6 ÷ 5 = 1.92 አምፔር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 2.4 አምፔር ይሰጣሉ፤ ይህም ስሌቱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል።

ትልቁ አምፑል ባይኖር ኖሮ ትንሹ አምፑል ወደ 11.4 ቮልት ገደማ ያገኝ ነበር። እንግዲህ የትልቁ መብራት የትንሹን አደበዘዘው ማለት ነው። በአንድ ሽቦ የሚጠቀሙ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርሱት ጫና ከዚህ ይመነጫል።

በትይዩ ያለ ያልታወቀ ተቃውሞ

ከዕለታት አንድ ቀን በዚሁ ቤት መብራቱ ከወትሮው ደበዘዘ እንበል። በአምፑሎቹ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ሲለካ በ9.6 ፈንታ 9 ቮልት ሆነ። ባትሪው ግን እንደ ቀድሞው 12 ቮልት ያሳያል። በሽቦው ላይ የተቀጠለ ሌላ ዕቃ እንዳለ ተደርሶበታል፤ ተቃውሞው ግን አይታወቅም።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሚታወቀው ነው። ለአምፑሎቹ 9 ቮልት ከደረሰ በሽቦው ላይ የቀረው 3 ቮልት ነው። የሽቦው ተቃውሞ 1 ኦም ስለሆነ ጠቅላላው ጅረት 3 አምፔር ነው። ከዚህ ውስጥ ትንሹ አምፑል 9 ÷ 20 = 0.45 አምፔር፣ ትልቁ 9 ÷ 5 = 1.8 አምፔር ይወስዳሉ፤ ድምሩ 2.25 አምፔር ነው። የቀረው 3 – 2.25 = 0.75 አምፔር ባልታወቀው ዕቃ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ያልታወቀው ተቃውሞ 9 ÷ 0.75 = 12 ኦም ነው።

መልሱን ለማረጋገጥ የሦስቱ ዕቃዎች ጠቅላላ ተቃውሞ ይፈለግ። 1/20 + 1/5 + 1/12 = 20/60፤ ይህም ሲገለበጥ 3 ኦም ይሆናል። የሽቦው 1 ኦም ሲጨመር 4 ኦም፤ 12 ÷ 4 = 3 አምፔር። ውጤቱ ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ።

በተከታታይ ያለ ያልታወቀ ተቃውሞ

አሁን ደግሞ ሌላ ሁኔታ ይታይ። በትይዩ የተጨመረ ዕቃ የለም፤ ሁለቱ አምፑሎች ብቻ ናቸው። ሆኖም በአምፑሎቹ ጫፍ የተለካው ቮልቴጅ 8 ብቻ ነው። ሽቦው ተበጥሶ ስለነበር በእጅ ተጠምዝዞ ተቀጥሏል።

የአምፑሎቹ ጠቅላላ ተቃውሞ 4 ኦም መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ጅረቱ 8 ÷ 4 = 2 አምፔር ነው። በመንገድ የቀረው 12 – 8 = 4 ቮልት ነው። ከዚህ ውስጥ በሽቦው ላይ የቀረው 2 × 1 = 2 ቮልት ሲሆን፣ ሌላው 2 ቮልት ያለቀው በመቀጠያው ላይ ነው። ስለሆነም የመቀጠያው ተቃውሞ 2 ÷ 2 = 1 ኦም ነው። የአንዲት ቋጠሮ ተቃውሞ ከ42 ሜትር ሽቦ ተቃውሞ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው

በሁለቱም ሁኔታዎች ለዓይን የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምፑሉ ደብዝዟል። የጅረቱ መጠን ግን ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። በመጀመሪያው ሁኔታ ጅረቱ ከ2.4 ወደ 3 አምፔር ከፍ አለ፤ በሁለተኛው ከ2.4 ወደ 2 አምፔር ዝቅ አለ። ባትሪው ሳይደክም መብራቱ ሲደበዝዝ ጅረቱ ከጨመረ ያልታወቀው ተቃውሞ የሚገኘው በትይዩ ነው፤ ጅረቱ ከቀነሰ ግን በተከታታይ ነው። ከዚህ የምንረዳው ችግርን በመልኩ ብቻ መፍረድ እንደማይገባ ነው።

ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በመቀጠያው ላይ 2 ቮልትና 2 አምፔር ሲባዙ 4 ዋት ይሆናሉ። ይህ ኃይል ብርሃን ሳይሰጥ በጣት ጫፍ በምታክል ቋጠሮ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሱዳን ቤቶች የሚገባው መደበኛ የኤሌክትሪክ ኃይል 230 ቮልት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። በእንዲህ ያለው መስመር ላይ 10 አምፔር ጅረት የ1 ኦም ተቃውሞ ባለው መጥፎ መቀጠያ ቢያልፍ 100 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሙቀት የሽቦውን ልባስ ሊያቀልጥ፣ አጠገቡ ያለውን እንጨት ወይም ጨርቅ ሊያቀጣጥል ይችላል።

ይበልጥ አሳሳቢው ነገር ፊውዝ ከእንዲህ ያለው አደጋ የማያድን መሆኑ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ጅረቱ ከመጠን በላይ ሲሆን ነው። መጥፎ መቀጠያ ግን ጅረቱን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ፊውዙ ደህና ሆኖ እያለ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። የደበዘዘ መብራትና የሚሞቅ ማከፋፈያ ወይም መሰኪያ በቸልታ መታለፍ የሌለባቸው ለዚህ ነው።

መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ምክንያቱ በትይዩ የተጨመረ ዕቃ ከሆነ ዕቃውን መንቀል፣ ወይም ሽቦውን ማሳጠርና ማወፈር ያስፈልጋል። በምሳሌው ላይ የሽቦው ስፋት ወደ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢያድግ ተቃውሞው በግማሽ ስለሚቀንስ ሁለቱ አምፑሎች ከ9.6 ቮልት ይልቅ 10.7 ቮልት ገደማ ያገኛሉ። ምክንያቱ መቀጠያ ከሆነ ግን ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ሽቦውን ጠርጎ፣ በትክክለኛ ማያያዣ አጥብቆ ማሰር ይገባል። አምፑል መለወጥ በሁለቱም ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች መጨመር አለባቸው። አንደኛ፣ ውስጣቸው ቀጭን ሽቦ ያለው አምፑሎች ሲሞቁ ተቃውሟቸው ከፍ ይላል፤ በዛሬው ጊዜ የተለመዱት የኤል.ኢ.ዲ. አምፑሎች ደግሞ የኦምን ሕግ በቀጥታ አይከተሉም። ስለዚህ ከላይ የተደረገው ስሌት ነገሩን ለማስረዳት የተቃለለ ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ልምምድ ማድረግ ያለባቸው በትንንሽ ባትሪዎች ብቻ ነው። 220 ወይም 230 ቮልት የተሸከመ መስመር ሰው ስለሚገድል ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊነካው አይገባም።

ከግቢ እስከ አገር

በአንድ ግቢ ውስጥ የታየው ነገር በአገር ደረጃም ይታያል። ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚያገናኘው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በመተማ በኩል አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል፤ ቮልቴጁም 230 ሺህ ቮልት ነው። ረጅሙ መስመር ልክ እንደ ግቢው ሽቦ ከተጠቃሚው ጋር በተከታታይ የተገናኘ ተቃውሞ ነው። ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍ እንዲል የተደረገው ጅረቱን ለመቀነስ ነው። አንድ ዓይነት ኃይል ሲተላለፍ ቮልቴጁ እጥፍ ቢሆን ጅረቱ በግማሽ፣ በመንገድ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ዑደት ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ያልታወቀውን መጠን የማግኛው መንገድ አንድ ነው። በቅድሚያ የሚታወቀው ይለያል፤ ቀጥሎ የትኛው በተከታታይ፣ የትኛው በትይዩ እንደተገናኘ ይመረመራል፤ ከዚያም የገባውና የወጣው ይተሳሰባል። የተሰበረውን መስመር መልሶ የሚሠራ ባለሙያም ሆነ ከአንድ ባትሪ ብርሃን የሚካፈል ቤተሰብ ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።

ጥያቄዎች

1. በባሕሪና በአካባቢዋ የሽቦና የባትሪ ነገር የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ የሆነው በምን ምክንያት ነው?
2. የበረቱ ምሳሌ የተከታታይንና የትይዩን ግንኙነት እንዴት እንደሚያስረዳ በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
3. መጥፎ መቀጠያ እያለ ፊውዝ የማይቃጠለው ለምንድን ነው?
4. በምንባቡ ውስጥ ባሉት ሁለት አምፑሎች ጫፍ 6 ቮልት ቢለካ የመቀጠያው ተቃውሞ ስንት ኦም ይሆናል? ባትሪው 12 ቮልት፣ ሽቦው 1 ኦም መሆኑን አትርሱ።
5. «ችግርን በመልኩ ብቻ መፍረድ አይገባም» በሚለው ሐሳብ ላይ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ ምሳሌ በመጨመር አንድ አንቀጽ ጻፉ።